የእማማ ውዴ ዶሮ በሰኔ ችሎት

ችሎት አስተናባሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት በመጀመሪያው ቀን ተከሳሽ ጥሪ ተባልኩ። ያደግሁት ከገሳይ ከተማ ወዲያ ገጠር ነው፤ እዚያ ሰው የሚጣራው ከጋራ ጋራ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ድምፄን ለቀቅሁት። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «እህቴ፣ አጠገብሽ እኮ ነው የቆመው» አሉኝ።

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ መጥራት፣ ዳኛ ሲገቡ ሰው ማስነሳት፣ ባርኔጣ ማስወለቅ፣ ስልክ ማዘጋት። ሕጉን የለቀምኩት በር ላይ ቆሜ ነው።

የማልረሳው የእማማ ውዴን ዶሮ ነው። ባላቸው ሞተው መሬታቸውን በእኩል፣ ምርቱን ተካፍሎ፣ የሚያርስላቸው አስማማው ነበር። እሱ ዶሯቸውን ሰርቆ በላ፤ እሳቸው በንዴት ከሰሱት። የቅጣቱ ቀጠሮ ታዲያ ዞሮ ዞሮ ሰኔ ላይ ወደቀ። አስማማው ከታሰረ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው።

አስማማው ጥፋቱን አምኗል። ዐቃቤ ሕጉ፣ እማማ ውዴ ቤት ገብቶ የሚበላ ሰው እምነት አጉድሎ ስለሰረቀ ቅጣቱ ይክበድ አሉ። ዳኛው ማቅለያ ካለህ ተናገር ቢሉት፣ እርሻ ላይ የሚመጣለት ሽሮ ውሃ ውሃ እያለ እንዳስቸገረው መዘርዘር ጀመረ።

እማማ ውዴ ከኋላ ብድግ አሉ። ተቀመጡ ብላቸው ማን ሰምቶኝ።

«የኔ ሽሮ ነው ውሃ?» አሉ። ወዲያው መሬቱ ትዝ አላቸው መሰለኝ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ጌታዬ፣ ዶሮዋን እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ዳኛው ረጋ ብለው፣ «እናቴ፣ ሰጥተውት ከሆነ የከሰሱት በሐሰት ነው። ያኔ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

እማማ ውዴ አሰብ አደረጉ። «እንግዲያውስ ሰርቋል። ግን ማረስ ያውቃል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸጥታ አስከባሪዋ እኔ ነኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ዳኛው ታርቃችኋል ወይ ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ እንደገባ፣ አስማማውም እንቁላል የምትጥል ዶሮ እንደተካ ሁለቱም አስረዱ። ውሳኔው ተነበበ። እምነት ማጉደሉ አክብዶበታል፤ ማመኑ፣ መካሱ፣ መታረቁና ከዚህ በፊት ጥፋት የሌለበት መሆኑ አቅልሎለታል። ቀላል እስራት ተፈረደበት፤ ሌላ ጥፋት እስካልፈጸመ ድረስ ግን ቅጣቱ ታገደለት።

እማማ ውዴ እንደገና እጃቸውን አወጡ። «ሌላ ጥፋት» ከተባለው ውስጥ አርፍዶ እርሻ መውጣትም ይግባልኝ ብለው ለመኑ። ዳኛው ሕጉ እስከዚያ አይደርስም አሏቸው።

ደጅ ሲወጡ እሳቸው ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነበሩ። «ነገ በጠዋት ጥመድ» አሉት ሳይዞሩ። ትንሽ ሄድ ብለው፣ «ሽሮውንም አወፍረዋለሁ።»

በር ላይ ቆሜ እንዳየሁት፣ በትንሽ ስርቆት ዳኛ የሚመዝነው የጠፋውን ዕቃ ብቻ አይደለም። ሰውየው ከሰረቀ በኋላ ያደረገውንም ይመዝናል።