የመቶ ዲግሪው ጨው

ያን ጊዜ ቁጣዬ ከዕውቀቴ ይቀድም ነበር። በደርግ ዘመን፣ ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ፣ ጅማ የሳይንስ መምህር ሆኜ ተመደብኩ። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር እንዲለኩ አዘዝኳቸው። ሁሉም መቶ ዲግሪ ብለው ጻፉ፤ መጽሐፉ መቶ ይላላ። ከደዶ ገጠር መጥታ ጊንጆ ሰፈር አክስቷ ቤት የምትኖር አንዲት ልጅ ብቻ ዘጠና አራት ብላ ጻፈች። ደብተሯን ለክፍሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ «ቁጥር ማንበብ የማትችል ሳይንቲስት» ብዬ አሳቅሁባትና ዜሮ ሰጠኋት።

«ቲቸር፣ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለች።

ቤቴ ገብቼ ሌላ መጽሐፍ ስገልጥ ልጅቱ ልክ ነበረች። ጅማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃው መቶ ሳይደርስ ይፈላል። በማግስቱ ይህንኑ ብናገር ምን ነበረበት? አፈርኩ። ይባስ ብሎ አንድ ተቆጣጣሪ ከአውራጃ መጥቶ ሳስተምር እንደሚያይ ተነገረኝ። መውጫውን እዚያው መጽሐፍ ላይ ሁለት ገጽ አልፌ አገኘሁት። ጨው የሟሟበት ውሃ በቀላሉ እንፋሎት ሆኖ አይወጣም፤ ለመፍላት ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። ጨው በበዛ ቁጥር የሚፈላበት ዲግሪም ከፍ ይላል።

ከቀበሌ ሱቅ ከደረሰኝ የወር ጨው ግማሹን ማንም ሳያየኝ ለሙከራው ውሃ በጣድኩበት ድስት ውስጥ አሟሟሁት። ሲያዩት ጥርት ያለ ውሃ ነው። ተቆጣጣሪው ከኋላ ተቀምጦ ሳለ ልጅቱን ጠርቼ እንድታነብ አደረግኋት። ውሃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩን ደጋግማ አየች።

«መቶ» አለች ቀስ ብላ። ክፍሉ አጨበጨበ።

አክስቷ ለመምህራን ቡናና ሻይ የሚያፈሉት ሴት ነበሩ። ጋዝ በራሽን ስለነበር ከሙከራ የተረፈ የፈላ ውሃ ሁልጊዜ ለእሳቸው ጀበና ይሄድ ነበር። ተቆጣጣሪው እጄን ጨብጦ ሲያመሰግነኝ ድስቱን በጨርቅ ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። አፌ አልተከፈተም። ረመዳን ነበርና ቡናውን አይቀምሱትም። በዚያ ላይ እንደ አገሩ ልማድ የራሳቸውን ቁንጥር ጨው ጨመሩበት።

ተቆጣጣሪው ፉት እንዳለ መልሶ ተፋው። ዳይሬክተራችን ደነገጠ፤ የደነገጠ ሹም ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሁልጊዜ እርስዎ የሚላቸውን ሴት ያን ቀን አንቺ አላቸው።

«ሕዝቡ ጨው በሰልፍ እያገኘ አንቺ ትጫወቺበታለሽ? ይሄ አሻጥር ነው።»

«ወላሂ፣ አንድ ቁንጥር ነው ያደረግሁት። አኒ ሂንቤኩ፣ ሌላውን አላውቅም» አሉ። ዓይናቸው መምህራኑን ዞሮ እኔ ላይ ቆመ፤ ውሃው ከእኔ ክፍል ነውና እንድመሰክርላቸው ነበር። እኔ ስኒዬን ማየት ያዝኩ። በዚያው ዕለት ከሥራ ተሰናበቱ።

በማግስቱ ልጅቱ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዕቃውን ያጠበችው እሷ ነበረች።

«ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ ነበር። ፍቄ በወረቀት ወሰድኩትና ማታ ጾሜን ካፈጠርኩ በኋላ ቀመስኩት።»

ማንም እንዳይሰማን የክፍሉን በር ሳብ አድርጌ ዘጋሁት።

«ለአክስቴ አልነገርኳትም። መምህር አይዋሽም ብላ ነው ከደዶ አምጥታ ያስገባችኝ።»

ዜሮዋን ሰረዝኩ። ዳይሬክተሩ በር ድረስም ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልቀለለኝም።

አክስቷ ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ዳር ቡና መሸጥ ጀመሩ። እንዳያዩኝ በሌላ በኩል እዞር ነበር። አንድ ቀን ግን ዝናብ ይዞኝ በዚያ ሳልፍ አዩኝና ጠሩኝ። ለዝናቡ ከወጠሩት ላስቲክ ሥር አስቀመጡኝ፤ ስኒውን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

«ይጠጡ መምህር፣ አይፍሩ» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። «ለእርስዎ ጨው አላደረግሁበትም።»