በዳዊት ማኅደር የሚመጣው መጽሐፍ

ፀደንያ ሰውየውን እምብዛም አታውቀውም። ጉባኤ ቤት እንደሚያስተምር ሰምታለች። የካ ሚካኤል አጠገብ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሲመጣ ነጠላው ሁልጊዜ እንደነጣ ነው፤ ጫማውን የእንጦጦ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው የዳዊት ማኅደር የሚያወጣው ግን ዳዊት አይደለም። ራሱ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ "ኑፋቄ ነው፣ የነካው ይረክሳል" እያለ ሲያወግዘው የሰማችው መጽሐፍ ነው።

"አደራ ልጄ፣ እንዳታነቢው" ይላታል፣ እሷ ለማባዛት ገጹን ስትገልጥ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያነበበ። "እኛ ሊቃውንቱ ብናየው አይጎዳንም።"

ሲጨርስ ከኪሱ ትንሽ የጸበል ጠርሙስ አውጥቶ ጣቶቹን ያረጥባል። ጸበሉም ሳይታዘበው አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት ወንድሟን ፋኑኤልን ሰውየው ከሚያስተምርበት ጉባኤ ቤት አባረሩት። ያው መጽሐፍ ከፍራሹ ሥር ተገኝቶበት ነው። ስምንት ዓመት የለፋበት ትምህርት በአንድ ቀን ቀረ። "ይህን መናፍቅ አስወጡልኝ!" ብሎ ከሁሉም በላይ የጮኸው ይኸው ሰውዬ ነበር። ፋኑኤል ማን እንደሰጠው አልናገርም ብሎ ወጣ። እሷ ግን በማስረጃነት የቀረበውን ቅጂ አይታዋለች፤ በየገጹ ጠርዝ የእሷ ማሽን የሚተወው ጥቁር መስመር አለበት።

ዛሬም መጣ።

"ሁለት ቅጂ ብቻ፣ ልጄ" አላትና መጽሐፉን ዘረጋላት።

አልተቀበለችውም። "የኔታ፣ ለወንድሜ የሰጡት እርስዎ ነዎት አይደል?"

ሰውየው መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለሰና ጠርሙሱን አውጥቶ ጣቶቹን ያረጥብ ጀመር።