አንሰልም ጃኮና የቦይ ዳሩ ገመድ

አንሰልም ጃኮ ትዕቢቱን እንደ ሌላው ሰው በጓዳ ደብቆ ሳይሆን፣ አጥቦና አሳምሮ በአደባባይ የሚያኖር ሰው ነው። እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ፍጥረት በልኩ ጸጋ ይሰጣል፤ ለአንሰልም የሰጠው ጠንካራ ጭንና ታጋሽ ሚስት ነበር። እርሱ ግን ጭኑን የገዛ እጁ ሥራ አድርጎ ቆጠረው፤ ሚስቱን ደግሞ ከነጭራሹም አልቆጠራት።

የተወለደው ጀልባ ከሚሄድበት ቦይ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በቫሮል መንደር ነው። አባቱ የወይን ቅርንጫፍ ሲገርዝ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየው ነበር። ልጁ ማሳውን ወረሰ፤ እጁን ግን አልወረሰም። በወጣትነቱ በአስፋልት ላይ የብስክሌት ውድድር ይወዳደር ነበር፤ አንድም ቀን አላሸነፈም፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የነፋሱ ነበር። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ለጠጠርና ለጭቃ የሚሆነውን ባለ ሰፊ ጎማ ብስክሌት አገኘ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ጠጠር የተፈጠረው ለእርሱ ሲባል እንደ ሆነ አድርጎ መናገር ያዘ። ማልዶ በወይኑ ረድፎች መካከል ወደ ጉብታው ይወጣል፤ በአፈሩ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጥንት ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው በቦዩ ዳር መንገድ ደግሞ ከአንዱ የውሃ በር እስከ ሌላው ይከንፋል። ሲመለስም የሚያወራው ስላየው ነገር ሳይሆን ስለ ናቀው ሰው ነበር። በአስፋልት የሚነዱት «ምንጣፍ ላይ የሚድሁ ሕፃናት» ነበሩ። ጀልባ ተከራይተው በቦዩ የሚያልፉት እንግዶች «ተንሳፋፊ አልጋ ላይ የተኙ በሽተኞች» ነበሩ። ባለ ባትሪ ብስክሌት የሚነዱትን ግን በስም እንኳን መጥራት ይጸየፍ ነበር።

ብስክሌቱን ከወይን በርሜሎቹ ይልቅ አዘውትሮ ስለሚያጥብ፣ ወይኑ ምላስ የሚያኮማትር ነበር። የሰማዕቱ የቅዱስ ቫንሳን ማኅበር አለቃ ሽማግሌው ቴዎዱል አንድ ቀን ቀምሶ ብርጭቆውን መለሰና፣ «አንሰልም፣ ወይኑን ተወውና ብስክሌቱን ጭመቀው፤ የተሻለ ነገር ይወጣዋል» አለው። አንሰልም ይህን ምቀኝነት ነው ብሎ አለፈው።

የሚኖሩበት ቤት የሚስቱ የሶላንጅ የአባቷ ቤት ነው። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ አያቷ ድንጋዩን ፈልፍለው ያበጁት ጎድጓዳ ስፍራ አለ፤ የወይን ገበሬዎች ጠባቂ የሆነው ሰማዕት የእንጨት ምስል በተራው ወደ ቤቱ ሲመጣ የሚያርፍበት ነው። አንሰልም በዚያው ስፍራ ግራና ቀኝ መስቀያ ቸንክሮ ብስክሌቱን ሰቀለበት። «ባዶ ቦታ ነው፤ ምን ይሠራል?» አለ። ሶላንጅ ከጎማው ሥር የሚረግፈውን ጭቃ መጥረግ ልማዷ ሆነ።

በቫሮል ምስሉ በየዓመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዛወራል። ተራው የደረሰው ቤት፣ ገና ሲቃረብ በዘመነ ምጽአት የመጀመሪያ እሑድ፣ የእኩለ ቀኑ ደወል ሳይመታ ሰው ልኮ ይጠይቃል። ጠያቂው በእግሩ ይሄዳል፤ የገዛ ማሳውን ወይን ይይዛል። ምስሉን እስከዚያ በቤቷ ያቆየችው ባለ ተራ በደጃፏ ቆማ «በምን መጣህ?» ትለዋለች፤ እርሱም «በእግሬ» ይላል። በቤቱ ከባለ ተራዋ ጋር የተቃቃረ ሰው ካለ ግን ጠያቂው እርሱ ራሱ እንዲሆን የማኅበሩ ደንብ ያዛል። ጠያቂ ካልመጣ ምስሉ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል፤ ተራውም መንደሩን ሁሉ ዞሮ ሳይጨርስ አይመለስም። ሶላንጅ ምስሉ በአባቷ ቤት ሲያርፍ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች።

በዚያ ዓመት ተራው ደረሳቸው። ምስሉን እስከዚያ ያቆየችው ባለ ተራም እትዬ ብላንዲን ነበረች።

ብላንዲን ዕድሜዋን ሙሉ በቦዩ ላይ ለሚያልፉ ጀልባዎች የውሃውን በር ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ እዚያው በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤት የምትኖር ሴት ናት። ሐኪም ጉልበቷን ከቀየረላት ወዲህ ባለ ባትሪ ብስክሌት ትነዳለች። በሐምሌ ሙቀት አንሰልም ወደ ጉብታው በሚወስደው አቀበት ላቡን እያንጠፈጠፈ ሲታገል፣ ቅርጫቷን ሰላጣ ሞልታ «በርታ እንጂ!» ብላው አለፈች። ይህን ይቅር ሊላት አልቻለም። በዚያው ሳምንት በማኅበሩ ማዕድ ላይ ብርጭቆውን አንሥቶ በሰው ሁሉ ፊት፣

«እትዬ ብላንዲን፣ እርስዎ እኮ ብስክሌት ነዱ አይባልም» አላት። «ባትሪ የሚገፋው ሰው ነጂ አይደለም፤ ጭነት ነው።»

አንዳንዱ ሳቀ። እርሷ ዳቦዋን ቆርሳ፣ «ጭነት። ይሁን» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

በእሑዱ ዋዜማ ሶላንጅ ባሏን ብስክሌቱን ሲወለውል አገኘችው።

«ነገ ትሄዳለህ።»

«እኔ? ያቺ ባለ ባትሪ ደጃፍ?»

«የሰማዕቱ ደጃፍ ነው።»

«ሰማዕቱ ከፈለገ ይምጣ፤ መንገዱ አይጠፋውም።»

ሶላንጅ አልጮኸችም። እጇን በተሰቀለው ጎማ መካከል አሳልፋ የጎድጓዳውን ድንጋይ ነካች። «አባቴ ሰማዕቱን እዚህ ሲያስቀምጠው አንሥቶ አሳይቶኛል። ተራው ዞሮ ሲመለስ እኔ አፈር ውስጥ ነኝ፣ አንሰልም። ነገ ካልጠየቅህልኝ ዳግመኛ አላየውም።»

አንሰልም ደነገጠ። የደነገጠው ለኀዘኗ አይደለም፤ ብታለቅስ መንደሩ ምን ይላል ብሎ ነው።

«በቃ፣ እሄዳለሁ! ግን በብስክሌቴ ነው የምሄደው።»

«በእግር ነው የሚኬደው።»

«ፔዳሉን የምረግጠው በምኔ ነው? በጆሮዬ?»

«እሺ። ሽቦዎቹንስ ሰቀልካቸው?»

«የምን ሽቦ?»

«ወይኑን የሚደግፉትን የላይኛውን ማሳ ሽቦዎች ነዋ። ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ፈታህ ጣልካቸው፤ ይኸው ሣሩ ውስጥ ተኝተዋል። የቋሚዎቹ ታችኛው ምስማር ላይ አንጠልጥላቸው ብዬህ ነበር።»

«ሰኞ» አለና መወልወሉን ቀጠለ።

በማግስቱ ሶላንጅ በቴዎዱል መኪና ወደ ታችኛው መንደር ለቅዳሴ ወረደች፤ ቄሱ የብዙ መንደር ቄስ ናቸውና በዚያ እሑድ የሚቀድሱት እዚያ ነበር። አንሰልም ከቅዳሴው ቀረ። ለእግዚአብሔር ሰዓት ያጣ ሰው ጠባቡን የብስክሌት ልብሱን ለመልበስና መስታወት ፊት ለመዞር ግን ሰዓት አላጣም። የወይኑን ጠርሙስ በብስክሌቱ የውሃ መያዣ ላይ ሰካና፣ ወደ ብላንዲን ቤት የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ትቶ ወደ ጉብታው ወጣ። ከቅዳሴ የሚመለሱት በቤቷ አጠገብ ባለው ድልድይ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ እርሱ ከላይ ወርዶ በቦዩ ዳር እንደ ቀስት ሲመጣ እንዲያዩት ፈልጎ ነው። አንዲት የእንጨት ምስል ለመለመን የሚሄድ ሰው የንጉሥ አገባብ አማረው።

ጉብታው ላይ ጉም ነበር። ጊዜው እየሄደ መሆኑን ሲያውቅ፣ መንገድ ለማሳጠር በገዛ ማሳው ረድፍ መካከል ቁልቁል ለቀቀው። እርጥቡ ሣር ውስጥ የተኛው ሽቦ የኋላውን ማርሽ ያዘ። ማርሹ ተገነጠለ፤ ካቴናው ተበጠሰ፤ አንሰልም በመሪው ላይ አልፎ በገዛ ወይኑ ግንድ ሥር ተደፋ። ጠርሙሱ ከደረቱ በታች ተሰብሮ ወይኑ ልብሱን አራሰው። ተቀምጦ ሽቦውን ረገመ፤ ሽቦውን የሸጠለትን ነጋዴ ረገመ፤ አጥብቃ አላስታወሰችኝም ብሎ ሶላንጅን ረገመ። ሽቦውን ያልሰቀለውን ሰው ግን ሳይረግም አለፈው።

ጉልበቱ እያበጠ፣ ብስክሌቱን እየገፋ እስከ ቦዩ ዳር ወረደ። የብላንዲን ቤት ገና ሩቅ ነበር፤ እንደዚያ እያነከሰ ከደወሉ በፊት እንደማይደርስ ራሱም ገባው። ያኔ ከኋላው የብስክሌት ደወል አቃጨለ፤ ብላንዲን በቦዩ ዳር መንገድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነበር።

«አንሰልም ነህ? ወይስ ቦዩ የተፋው ነገር?»

«ወድቄ ነው።»

«ጠረንህ ነግሮኛል።»

«አልፈው ይሂዱ፣ እትዬ ብላንዲን።»

«አልፌማ ብሄድ ቤቴ ተቀምጬ የምጠብቀው አንተኑ ነው።» የተበጠሰውን ካቴና አየች፤ ጉልበቱንም አየች። ከቅርጫቷ የጀልባ ገመድ አወጣች፤ ሥራዋን ብትተውም ያለ ገመድ ከቤት አትወጣም። አንዱን ጫፍ ከኮርቻዋ ሥር አሰረች። «እንካ፣ ያዝ።»

«እኔ በባትሪ? አልይዝም!»

«ይህ መንገድ እኮ የተሠራው ለመጎተቻ ነው። ስንዴ ተጎትቶበታል፣ ድንጋይ ተጎትቶበታል፤ አንዱም አፍሬ ሞትኩ አላለም።»

«ሰው ያየኛል።»

«ያይሃል። ሶላንጅም ድልድዩ ላይ ናት። ከቅዳሴ ስንወጣ ላገኘችው ሁሉ ‹ይመጣል› ስትል ነበር። እኔ ምንም አላልኩም።»

አንሰልም ወደ ቦዩ ውሃ አየ። ሚስቱ ድልድዩ ላይ ቆማ ደወሉ ሲመታ ፊቷ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ይህችን ታህል ትንሽ ነገር እንዲያስብ ይህን የሚያህል አወዳደቅ አስፈለገው። ብስክሌቱ ላይ ወጣና የገመዱን ጫፍ እጁ ላይ ጠመጠመ።

«ጭነቱ ተመችቶታል?» አለች ብላንዲን ሳትዞር።

በቦዩ ዳር የተቀመጡት ዓሣ አጥማጆች ዘንጋቸውን ትተው ቆሙ። ድልድዩ ላይ ቴዎዱል እጁን ዐይኑ ላይ ጋርዶ፣

«ብላንዲን! ምን ጭነሽ ነው የምትመጪው?» ብሎ ጮኸ።

«ኮምጣጤ!» አለች። «የቫሮል ኮምጣጤ!»

ሳቁ ከድልድዩ እስከ ውሃው በር ተሰማ። አንሰልም ገመዱን አልለቀቀም።

ደጃፉ ሲደርሱ ብላንዲን ገብታ ካፖርቷን አውልቃ ተመለሰች፤ በበሩ ላይ እንደ ባለ ተራ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«በምን መጣህ?»

የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንዲት ቃል ናት። አንሰልም አፉን ከፈተ፤ «በእ…» አለ። ሶላንጅ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጁ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ መሆኑን ሲያይ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

«በእትዬ ብላንዲን ባትሪ» አለ። «ተጎትቼ። እንደ ጭነት።»

ቴዎዱል ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡ በእግር ነው የሚለው…» ሲል ሶላንጅ የድልድዩን ብረት ያዘች።

«ደንቡ የሚለው ጠያቂው ዝቅ ብሎ ይምጣ ነው» አለች ብላንዲን። «ከዚህ በታች የት ይውረድልህ?»

«ወይኑስ?»

«ልብሱን ጭመቀው።»

ደወሉ መታ። ቴዎዱል ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ለጃኮ ቤት ተፈቅዷል» አለ። ሶላንጅ ባሏን አላቀፈችም፤ መጥታ ገመዱን ከእጁ ላይ ፈታችለት።

በጥር የሰማዕቱ በዓል ሲደርስ ምስሉ ወደ ቤቷ መጣ። ብስክሌቱን እርሷ ራሷ አውርዳ ጎተራ ከተተችው፤ መስቀያዎቹንም ነቀለቻቸው። አንሰልም ተለወጠ ብሎ የሚናገር ሰው ካለ አያውቀውም። አሮጊቷ መሪ አያያዝ እንድትማር ብሎ ራሱን እንዳስጎተተ ለዓሣ አጥማጆቹ ማውራት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሽቦዎቹም ወይን እስከሚገረዝበት ጊዜ ድረስ ሣሩ ውስጥ ነበሩ። አላፊውን ሁሉ ዛሬም ይንቃል፤ ሳሎኑ ውስጥ ሲንቅ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሶላንጅ ከምስሉ ፊት ተቀምጣ ቀና ብላ ታየዋለችና።

እግዚአብሔር የአንሰልምን ጉልበት ይፈውስለት፤ ወይኑንም ለሚጠጡት ሲል ያጣፍጥ። የሶላንጅን ዘመን ያርዝም፤ ሰማዕቱ ያረፈበትን ቤት፣ ደጁንና ማሳውን ይባርክ። አሜን።