በሙት ዓመቱ የጠራሁት ስም

እኔ ቂመኛ ነኝ። ይህን የምለው ለንስሐ አይደለም፤ የንስሐ አባቴም ከእኔ ሰምተው ሰልችቷቸዋል። ሥራዬ ዕፅዋት መመርመር ነው። ቅጠል አደርቃለሁ፣ ሥር እፈጫለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ እውላለሁ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል ይላሉ። ቂምም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱንም ቀድሜ ከሴት አያቴ ወርሻቸዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከሲማዳዋ ወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቀው መንደራችን የሚያርስ ገበሬ ነበር። እናታችን የወለደችው ወንድ እሱን ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ወገቡን አመመው። ከበሬ ኋላ የከረመ ሰው ወገቡን ቢያመው ምን ይገርማል? ሁለት ቀን ቢተኛ ይተወው ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ መርጌታ ዘንድ ሄደ።

መርጌታ በደብራችን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ከዜማው ጎን ለጎንም መድኃኒት የሚሰጡ ሽማግሌ ናቸው። አንቱ ብዬ የምጽፈው እጄ ሌላ ስላልለመደ ነው እንጂ በሆዴ አንተ ካልኋቸው ቆይቻለሁ። የመድኃኒቱን ሥር ረቡዕና ዓርብ ማለዳ፣ ሰው ሳያነጋግሩ ይቆፍሩታል። ስሙን ለገዛ ልጃቸው እንኳ አልነገሩም። በሽተኛውን ደግሞ ያስምሉታል። ምን እንደ ጠጣና ማን እንደ ሰጠው ለሰው ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ በሽታውም ብሶ ይመለሳል። በእኛ አገር ይህን መሐላ የሚያፈርስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወንድሜ ሦስት ጠዋት በባዶ ሆዱ ጠጣ። በአራተኛው ቀን ሽንቱ ቆመ። ፊቱና እግሩ አበጠ፤ የበላው አልረጋለት አለ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ በዚያ ጭቃ ወገዳ አደረሰው፤ ከወገዳ በመኪና እኔ ወዳለሁበት ከተማ ሆስፒታል መጣ። በር ላይ ስቀበለው ሌላ ሰው ያመጡብኝ መስሎኝ ስሙን ጠየቅሁ።

የያዘው ሐኪም ወጣት ነው፤ እርጋታው ከዕድሜው በላይ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ገበሬ በሚገባው ቋንቋ አስረዳው። «ኩላሊት ወንፊት ነው» አለው። «ያንተ ወንፊት ቀስ በቀስ አይደለም የተደፈነው፣ ባንድ ጊዜ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሥርና ቅጠል አለ። ምን እንደ ጠጣህ ካወቅሁ እንዴት እንደማክምህ አውቃለሁ። ምን ጠጣህ?»

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ ሲወጣ ተንበርክኬ ለመንሁት። «ወንድምዓለም፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፤ ምን ጠጣህ?»

«ምንም አልቀመስሁ» አለኝ። «አትጨቅጭቂኝ፣ እየተሻለኝ ነው።»

ደሙን በማሽን ሦስት ጊዜ አጠቡለት። አራተኛው ተራው ሳይደርስ ሞተ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእኔ ወንድም የደበቀው በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ነው፤ የመርጌታን ምሥጢር ይዞ ተቀበረ።

ከቀብር መልስ ሚስቱ ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈትታ ቡናማ ዱቄት አሳየችኝ። የተረፈው ነው። «አስምለውን ነው እኮ» ብላ አለቀሰች። መድኃኒቱን ማን እንደ ሰጡት ስትነግረኝ አክስቴ አጠገባችን ነበረች። አክስቴ ደረቷን መታች። «ወንድ ቢኖረን የሱ ደም እንዲህ ሜዳ ላይ አይቀርም ነበር!» አለች። በሲማዳ ደም የሚመልስ ወንድ ነው፤ የሚመልሰውም በጠመንጃ ነው። እኔ ሴት ነኝ፤ ያለኝም ማይክሮስኮፕ ነው። ቋጠሮውን ተቀብያት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁትና ይቆየን አልሁ።

ዱቄቱን ላብራቶሪ አስገባሁት። እኛ ዘንድ ባለው መሣሪያ ከዱቄት ብቻ የተክል ስም ማውጣት አይቻልም፤ አበባና ቅጠል ይፈልጋል። ግን ዱቄትም መልክ አለው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የስታርቹ ቅንጣት ቅርጽ፣ በመሐሉ የተሰገሰገው የሚያብለጨልጭ ስለታም ቅንጣት፣ የቃጫው አገማመድ ሁሉ ይለያል። አይቼ ሣልሁት። ፊቱን ካወቅሁ ባለቤቱን አላጣውም ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጥቅምትን ጠበቅሁ።

በጥቅምት አበባ ሁሉ ሲፈነዳ አገሬ ወረድሁና መርጌታን ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጉልበታቸውን ሳምሁ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ፣ ወንድምሽ ደግ ሰው ነበር» አሉኝ። «አሜን» አልሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ሳሌንም ዋጥ አድርጌዋለሁ። ጠላ ሊያስቀዱልኝ ወደ ቤት ሲገቡ በአጥራቸው ሥር ዞርሁ። ፍየሎቻቸው የአጥሩን ሥር እስከ መሬት ግጠውታል። አንድ ነገር ብቻ አልነኩም። አንድ ቁጥቋጦ ልምላሜውን እንደ ያዘ ቆሟል፤ ዙሪያው ያለው አፈር በቅርቡ ተቆፍሮ የተመለሰ ነው። ፍየል ያልደፈረችውን የወንድሜ ኩላሊት ደፍሮታል አልሁ በሆዴ። አበባ ያለው ቅርንጫፍና ከሥሩ ጥቂት ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁ። ከዚያ ተመልሼ ጠላቸውን ጠጣሁ፤ መረቁኝም።

ሥሩን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ ከስዕሌ ጋር አስተያየሁት። ያው ነው። ብቻዬን ላብራቶሪ ውስጥ እልል ማለት ቃጣኝ።

በጋውን ሙሉ በነጫጭ አይጦች ላይ ሞከርሁት። መጠኑ ከፍ ያለ የተሰጣቸው ሽንታቸው ቀነሰ፤ ኩላሊታቸው በስስ ተቆርጦ ሲታይ የማጣሪያው ቱቦዎች ግድግዳ ሞቶ ረግፏል። ጥቂት ብቻ የተሰጣቸው ግን ምንም አልሆኑም፤ ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ። ይህንንም መዝግቤአለሁ፤ መዝጋቢ እጄ ሐቀኛ ናት። ልቤ ግን የምትፈልገውን አግኝታለችና ያን ገጽ ቶሎ ገለጠችው። አለቃዬ ገና ይደገም፣ ይጣራ፣ ከዚያ ይታተማል አሉኝ። ለማን ነው የሚታተመው? መርጌታ መጽሔት አያነቡም። እኔ የምፈልገው እሳቸው በሚገባቸው መንገድ ማዋረድ ነበር። ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክስ የለም? እንግዲያስ ስሙን በሕዝብ ፊት እጠራዋለሁ አልሁ።

የሙት ዓመቱ ቀን ሐምሌ ላይ ነበር። ዳስ ተጣለ፤ የወንድሜ አንዱ በሬ ታረደ። እኔ ሦስት ገጽ ጽፌ ይዣለሁ። ኩላሊት ምን እንደሆነ፣ ይህ ሥር ማንም ቢሰጠው ማንም ቢጠጣው እንደሚገድል፣ ሐኪም ሲጠይቅ እንዳይደበቅ፣ ሁሉንም በቀላል አማርኛ አስፍሬዋለሁ። ጠዋት የቆፈርሁትን ተክልም ከነሥሩ በጋዜጣ ጠቅልዬ አምጥቻለሁ። ካህናቱ በክብር ቦታቸው ተቀምጠዋል። መርጌታም መጥተዋል! ፍታት ላይ አዚመው፣ ማዕዱን ባርከው፣ በዚያች ሥር በሚቆፍሩባት እጅ የወንድሜን በሬ ሥጋ ይጎርሳሉ።

ሦስቱ ገጽ ከእጄ የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴት ልጅ በካህናት ፊት በማትናገርበት ዳስ መሐል ቆምሁ። «ወንድሜን የገደለው ይህ ሰው ነው!» ብዬ ጮህሁ። አንቱታው ያን ጊዜ ጠፋኝ። «በዚህ ነው የገደለው! ከእናንተ ሲደብቀው የኖረው ይህ ነው!» የተክሉን ስም ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ቅጠሉንና ሥሩን ቆራርጬ ለሰው አደልሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁ። አንዲት ባልቴት አሽትተው፣ «ውይ፣ ይህማ በየአጥራችን ሥር ያለው አይደለም እንዴ!» አሉ።

መርጌታ እጃቸውን ጠርገው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። አልተቆጡም። «ስሙን ነገርሻቸው» አሉኝ። «መጠኑንስ ማን ይነግራቸዋል?»

«መጠኑን ወንድሜ ያውቀዋል፣ ሄደህ ጠይቀው!» አልኋቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽም፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ የበላሁት እህል የለም። አክስቴ አገላብጣ ሳመችኝና፣ «ወንድ ነሽ!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ለወንድሜ ሚስት እደውላለሁ። «መርጌታስ?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄዬ። ማንም እንደማይሄድባቸው፣ ደጃቸው ሣር እንዳበቀለ፣ ከጽዋ ማኅበር እንደ ቀሩ፣ ተማሪዎቻቸው ወደ ሌላ ደብር እንደ ሄዱ ትነግረኛለች። አንዱን ነገር ደግማ እንድትነግረኝ አደርጋታለሁ። ማን ፊት እንደ ነሳቸው፣ ምን እንደ መለሱ፣ ፊታቸው ምን እንደ መሰለ አንድ በአንድ እጠይቃታለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለ መንደሩ ሌላ ነገር ልትነግረኝ ስትጀምር ሥራ አለብኝ ብዬ እዘጋዋለሁ።

በተከታዩ ግንቦት፣ አንድ ቀን ማለዳ ወንድሜን ያከመው ሐኪም ደወለልኝ። «ከእናንተ አገር ሰዎች ገብተውብኛል» አለ። «ወንድምሽን ያጠቃው ዓይነት ነው። የሚገርምሽ ግን እነዚህ አልደበቁኝም። ምን ጠጣችሁ ስላቸው ስሙን ነገሩኝ፤ ከነቅጠሉ ይዞ የመጣም አለ። ማን ሰጣችሁ ብላቸው፣ ማንም፣ ከአጥራችን ቆፍረን ነው አሉኝ።» ቀጠለና፣ «አንደኛዋ እናትሽ ናቸው» አለ።

ወደ ሆስፒታሉ ስሮጥ ለወንድሜ ሚስት ደወልሁና ጮህሁባት። እንዴት ይጠጡታል? እሷም ጮኸችብኝ። «አንቺ መቼ ጠይቀሽኝ!» አለች። «ሰዉ ሁሉ ከሙት ዓመቱ ጀምሮ ይቆፍራል። ክፉው እጃቸው ነው፣ ቅጠሉ ምን አደረገ ይላሉ። መርጌታ ደብቀውት የኖሩት የሚጠቅም ቢሆን ነው ይላሉ። ልነግርሽ ስል መርጌታስ፣ መርጌታስ ትይኛለሽ!»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። በዚያ ዳስ ውስጥ ገዳይ ያልሁት ሥሩን አልነበረም፣ ሰውዬውን ነው። ሕዝቡ ያልሁትን ነው የሰማ። መርጌታ በሦስት ጣት ቆንጥረው የሚሰጡትን፣ እሱም ቢሆን የእኔን ወንድም የገደለውን፣ እኔ ያለ ምንም መጠን ለአገር አደልሁት። ያን ጊዜም እንኳ ልቤ መርጌታን ትፈልግ ነበር፤ እሳቸው ባይጀምሩት አልሁ፤ ረገምኋቸው። እርግማኑ ግን እንደ ወትሮው አላሳረፈኝም። ተነሥቼ ገባሁ።

እናቴ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቧል። እጇን ስይዘው የጣቴ ምልክት ሰርጉዶ ቀረ።

«እምዬ፣ ምን ነካሽ? ልጅሽን የገደለውን!»

«ልጄን የገደለው የመርጌታ እጅ ነው» አለች። «አንቺው አይደለሽም ያልሽው?»

«ስንት ጠጣሽ?»

«እግሬ አብጦ አላስሄድ ሲለኝ ቀቀልሁና አንድ ጣሳ ጠጣሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠጣው።»

ጣሳ ነው ያለችው። እኔ ለአይጥ በሚሊግራም የምሰፍረውን ነው። ራሴን ደረቷ ላይ ጣልሁ። ያለቀስሁት ስለ ሕመሟ መሰላት መሰለኝ፣ በዚያ ባበጠ እጇ ፀጉሬን ደባበሰችኝ።

«ዝም በይ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «መርጌታ ቢሰጡኝ እኮ ሞቼ አልቀምሰውም ነበር። ያንቺ ስለሆነ ነው የጠጣሁት።»