የአያቴ ጠገራ ብሮች

በደርግ ጊዜ ነው። አያቴ ያወረሱን ጠገራ ብሮች እውነተኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ከእናቴ ጋር ከደራ ናዝሬት፣ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ዘንድ ሄድን። እናቴ የጠቆረ ብር ይዛ ሰው ፊት መቅረብ ነውር ሆኖባት፣ ጠዋት በአመድና በሎሚ ስትፈትጋቸው ነበር። መስታወት መስለዋል።

ሽማግሌው ገና ሲያዩዋቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ይሄ ትናንት የተሠራ ነው። አብዮት ጥበቃ ሳያይሽ ይዘሽልኝ ውጪ።»

ቆሽሸው ነበር ብዬ እንዳልናገር እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«የአባቴ ናቸው፤ በማርያም አንዴ ይሞክሩልኝ» ብላ ለመነቻቸው።

አንዱን ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን አዳመጡ። አላመኑም። አንስተው ነከሱት፤ ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«ብሩስ እውነተኛ ነው» አሉ ከንፈራቸውን እየጠረጉ፤ «ሎሚው ግን በዝቷል።»