ቀይ ሆና የተመለሰችው ንብ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ጓሮ ነበርኩ። ቀፎ እየለሰንኩ ስለነበር እጄ እስከ ክርኔ እበት ነው። «ልታጠብ» አልኩ።

«እዚያ ትታጠባለህ» አለኝ አንደኛው።

አመንኩት። እበቱ ግን ደርቆ በራሱ ጊዜ ረገፈ። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ጥፋቴ በስብሰባ መሀል እጄን አውጥቼ ጥያቄ መጠየቄ ነበር፤ አስተማሪ ስለሆንኩ መጠየቅ ሥራዬ ይመስለኝ ነበር።

ዓይኔን ሸፍነው ሰቆጣን አዙረው አዙረው አንዲት ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ሩቅ አገር የወሰዱኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ቤቴ ሆኜ የምሰማው ያው የቤተ ክርስቲያን ደወል ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ቢለቁኝ ሮጬ የምደርስበት ቦታ ላይ ነበርኩ። ይህን ማወቄ አላጽናናኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ።

ግድግዳው በቀይ አፈር የተለሰነ ነው። በትከሻዬ ከፍታ ላይ ክንድ ብቻ የምታሳልፍ መስኮት አለች። ሌላ እስረኛ የለም። ጠባቂው ዳቦና አንድ ጣሳ ውሃ አስቀምጦ ይወጣል፤ ውጭ ከጓደኞቹ ጋር በኽምጣና ቋንቋ ሲሳሳቅ እሰማዋለሁ፣ እኔ ዘንድ ሲገባ ግን ቃል አይወጣውም። ድምፄን እንዳልረሳው ስል የተማሪዎቼን ስም እጠራ ነበር። «አቤት» የሚል የለም። ከመታሰሩ ይልቅ እሱ ጎዳኝ።

አንድ ቀን ጠባቂውን «ቤተሰቦቼ እዚህ መሆኔን ያውቃሉ?» አልኩት።

«አንተ እዚህ የለህም» አለኝ።

ግንቦት ገባ፤ ሙቀቱ በረታ። ያን ሰሞን አንዲት ንብ በመስኮቷ ገብታ የጣሳው አፍ ላይ አረፈች። በኛ አገር በግንቦት ውሃ እንደልብ አይገኝም፤ ንብም እንደ ሰው ትፈልጋለች። የጣሳው ክዳን ላይ ትንሽ ውሃ አፈሰስኩና መስኮቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠጥታ ሄደች፤ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ውሃው ለኔም አይበቃኝም ነበር። ግን ከታሰርኩ ወዲህ እንግዳ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሳይጠጣ አይሸኝም።

ጠባቂው ሳወራ ሰምቶኝ ኖሮ «ከማን ጋር ነው?» አለ።

«ከእንግዶቼ ጋር።»

ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ያበድኩ መስሎት ይሆናል፤ እኔም አልፎ አልፎ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከንቦቹ አንዷ ነጭ ሆና መጣች። ጀርባዋ ላይ ዱቄት አለ። ተጠግቼ አየኋት። እኛ ንብ አርቢዎች ንባችን ወዴት እንደሚሄድ፣ ከማን ቀፎ እንደሚገባ ለማወቅ ስንፈልግ ከቀፎው አፍ ላይ ዱቄት እንነሰንስበታለን። የነጣችውን በዓይን መከተል ነው። እነዚህ ንቦች የኔ ከሆኑ፣ ዱቄቱን የነሰነሰችው ሚስቴ ናት ማለት ነው።

የኔ ላይሆኑም ይችላሉ፤ ንብ ያለው ሰው ብዙ ነው። ቢሆንም ግድግዳውን በጥፍሬ ፍቄ ቀዩን አፈር አደቀቅኩና ውሃ ሲጠጡ ጀርባቸው ላይ እፍ አልኩባቸው። ቀይ ሆነው በረሩ። ውጭ የአጥሩ ሽቦ ላይ ንብ የምትበላ አረንጓዴ ወፍ ቆማ ነበር። ቤቴ ሳለሁ ሚስቴ ጓል እየወረወረች፣ እየሰደበች ታባርራት ነበር። ወፏ የመጀመሪያዋን ቀይ ንብ አየር ላይ ቀለበቻት። እጄን በመስኮቷ አውጥቼ አጨበጨብኩ፣ ጮህኩ። የቀሩት አለፉ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እፍ እላለሁ፤ ማንም አይመጣም። ጥፍሬ ደማ። ልተወው ስል ጠባቂው ትንሽ አገልግል ይዞ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

«አንዲት ሴት መጥታለች። የለም ብንላት፣ ‹አለ፤ ይህን ስጡልኝ› ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። አልነሳም አለች። ማን ነገራት?»

«እኔ እዚህ የለሁም አላልከኝም?» አልኩት። «የሌለ ሰው ምን ብሎ ይነግራል?»

አገልግሉን ስከፍት ቆሎ ነው፤ ከቆሎው ሥር ማር ከነሰፈፉ። ወዲያው ልጎርስ አልቻልኩም። የጣሳዬን ውሃ አንስቼ እጄን ታጠብኩ፤ ቤቴ እንዳለሁ፣ ቀስ ብዬ። ከዚያ ሰፈፉን ቆርሼ «እንብላ» አልኩት።

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አሻገረና በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ይስጥልኝ» አለ። ያን ቀን ሲወጣ በሩን እንደወትሮው አላላተመውም።

ስፈታ ሚስቴ ነገረችኝ። ሞቷል የሚል ወሬ ደርሷቸው ዘመድ ሁሉ ለቅሶ እንቀመጥ ብሏት ነበር። ነጠላዋን ጥቁር ልታስነክር አውጥታዋለች። ያን ሰሞን ጎረቤት «ንባችሁ እንስራዬን ወረረው» ብላ ጠብ አነሳችና፣ ሚስቴ እውነቱን ለማየት ዱቄት ነሰነሰች።

«ነጭ አድርጌ የሰደድኳት ቀይ ሆና መጣች» አለችኝ። «ንብ በገዛ እጇ አፈር አትነሰንስም። ሌላ ማንም አያደርገውም አልኩ። ነጠላውን መልሼ አስቀመጥኩትና ንቦቹ በሄዱበት ሄድኩ።»

ያ ነጠላ ነጭ እንደሆነ አለ። አምና ሚስቴ ስትሞት በሱ ሸፍነን አወጣናት፤ ከመቃብር ስመለስ ይዤው መጣሁ።

አሁን ቀፎዎቹን የምጠብቀው ብቻዬን ነው። ግንቦት ሲገባ ውሃ በሰፊ ሳህን አስቀምጥላቸዋለሁ። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ እፍኝ ዱቄት ይዤ እወጣና ጀርባቸው ላይ እነሰንሳለሁ። ጎረቤት የጠፋ ንብ የምፈልግ ይመስለዋል። አእምሮዬን አልሳትኩም፤ እሷ ከሄደችበት የሚደርስ ንብ እንደሌለ አውቃለሁ። ነጭ ሆነው ይወጣሉ፣ ዱቄቱን አራግፈው ይመለሳሉ። እኔ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ተቀምጬ የእያንዳንዳቸውን ጀርባ አያለሁ።