የቨርጂል ትሮተር ቂም

የፖርት ሄለን ሰዎች ቨርጂል ትሮተርን የሚያውቁት ከጀርባው ነበር። የቤዝቦል ጨዋታው ሳይጀመር በአጥሩ ጥግ ቁጢጥ ብሎ፣ ኳሳቸውን እየተቀበለ ወርዋሪዎቹን ያሟሙቃል፤ ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ተቀያሪ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ይተፋል። ከመቺው ጀርባ ኳስ የመቀበሉ ሥራ የቶኒ ሳላርዶ ነው። ሳላርዶ መልከ መልካም ነበር፤ ኳስ መትቶ ከአጥር ማዶ ይልካል፤ ሴቶች ስሙን እየጠሩ ይጮኻሉ። ቨርጂል የሚገባው ሳላርዶ ሲደክመው፣ ወይም ቡድኑ በሰፊው ተመርቶ ነገሩ ካለቀለት በኋላ ነው። ያኔም ተመልካቹ «ኧረ ሰው ጠፋ!» እያለ ይስቃል።

ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። ሊችለው ያቃተው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ክላይድ ሃርገስ።

ሃርገስ የቡድኑ አንደኛ ወርዋሪ ነው። ክንዱ ወርቅ፣ ምላሱ መርዝ። ሲያሟሙቅ ሆን ብሎ ኳሱን መሬት እያነጠረ የቨርጂልን ጉልበት ያበልዘዋል። «አመመህ እንዴ? ለዚህ አይደል የሚከፍሉህ?» ይላል። ቨርጂል ግን ለዓመታት ሲቀበለው ኖሮ ሌላው ያላየውን አንድ ነገር አየበት። የቡድን ጓደኛ ነውና ሊነግረው ተነሳ።

«ስማ ክላይድ፣ የሚታጠፈውን ኳስ ልትወረውር ስትል ክርንህን ከጎንህ ታርቃለህ። ፈጣኑን ስትወረውር ግን አታርቅም። አንድ ቀን መቺዎቹ ይነቁብሃል።»

ሃርገስ ጓንቱን አውልቆ ከላይ እስከ ታች አየው። «ማን ጠየቀህ? አንተ እኮ ኳስ የማነጥርብህ ግድግዳ ነህ። ግድግዳ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያወራው?»

በአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ቨርጂል ስለዚያ ክርን ዳግመኛ ለማንም አልተነፈሰም።

የዚያ ዓመት ዋንጫ ከሬቨርተን ጋር በሚደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ሊለይ ሆነ። ጨዋታው እኩሌታው ላይ ሲደርስ የመቺውን ዱላ ጨርፋ ያለፈች ኳስ የሳላርዶን አውራ ጣት ሰበረችው። አሰልጣኙ ብራኒጋን ወደ ወንበሩ ዞሮ «ትሮተር! ልበስ!» አለ።

ሃርገስ ከመወርወሪያው ጉብታ ላይ ሆኖ «ኮች፣ ሌላ ሰው የለም?» ሲል ጮኸ።

«የለም!»

«እንግዲያው ባንድ ሰው ጎድለን ነው የምንጫወተው!»

ተቀባይ የትኛው ኳስ እንዲወረወር በጭኖቹ መካከል በጣቶቹ ምልክት ያሳያል፤ ወርዋሪው ከተስማማ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሃርገስ ግን ራሱን ዝቅ እያደረገ ያልተስማሙበትን ኳስ መወርወር ጀመረ። ቨርጂል ክርኑን እያየ የሚመጣውን ኳስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ኳሱን በያዘበት ቁጥር ሃርገስ ይብስ ይናደድ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን አንድ የሬቨርተን ሯጭ ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ደርሶ፣ ገብቶ ነጥብ ለማስቆጠር ሲያሰፈስፍ ቨርጂል ወደሱ ገልመጥ አለና ክርኑን ሳያይ ቀረ። የሚታጠፍ ኳስ ሲጠብቅ ፈጣኑ መጣበት፤ የቀኝ እጁን ጣት ሰብሮ እስከ አጥሩ ተንከባለለ። ሯጩ ገባ። ዋንጫው ሄደ።

ሃርገስ ለጋዜጠኞች «እኔ ያዘዘኝን ወረወርኩ። መያዝ የማይችል ሰው ካሰለፋችሁ ምን ላድርግ?» አለ።

ከተማው እንዳለ ተነሳበት። ባለ ሥጋ ቤቱ የቨርጂልን ሚስት ኦፓልን «በደንብ ልሰርልሽ፤ ባልሽ ከተቀበለው ይጥለዋል» ብሎ አላገጠባት። ኦፓል ሥጋውን ፊቱ ላይ ወርውራ «አንተስ ይኸው፣ መች ያዝከው?» አለችው፤ ባዶ እጇንም ወደ ቤቷ ገባች።

ብራኒጋን ቨርጂልን ወደ ቢሮው አስጠራው። «ዕቃህን ሰብስብ» አለው።

«ኮች፣ ሆን ብሎ ነው ያደረገው። እርስዎም አይተዋል።»

«አይቻለሁ። እሱ ግን የዓመቱን ግማሽ ጨዋታ ብቻውን ያሸንፍልኛል። አንተ ምን ታሸንፍልኛለህ?»

ቨርጂል ዕቃውን ሰብስቦ፣ ጣቱ በፋሻ እንደታሰረ ወጣ።

የፀደዩ ጨዋታ ሲከፈት ሬቨርተን በተቀያሪነት ወሰደው። ከፖርት ሄለን ጋር በተገናኙበት የመጀመሪያ ቀን፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ ቨርጂል ሳይጠየቅ ተነስቶ ስለ ክርኑ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሲናገር ልቡ ውስጥ ቅንጣት ሐዘን አልነበረም። የሬቨርተን መቺዎች ሃርገስን እንደ ገብስ ወቁት። ኳሶቹ ባጥሩ ላይ ሲከንፉ ቨርጂል ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭብ ነበር፤ ሃርገስም ይህን አየ።

ውጤቱ ሲሰፋ ቨርጂልን ለመምታት አስገቡት። የሃርገስ የመጀመሪያ ኳስ በቀጥታ መጥታ ጎኑን አገኘችው። ቨርጂል ዱላውን ጥሎ ወደ ጉብታው አመራ።

«ሸጥከኝ!» አለ ሃርገስ። «ውሻ እንኳ ለበላበት ይጮኻል!»

«ነግሬህ ነበር። ግድግዳ አያወራም ብለህ ሳቅክብኝ።»

«አሁንም እስቅብሃለሁ!»

ቨርጂል በግራ እጁ አፉ ላይ አሳረፈበት። ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው ላይ ፈሰሱ፤ ዳኞቹ እየጎተቱ እስኪያለያዩዋቸው ድረስ ተናነቁ። የሃርገስ ከንፈር ተተረተረ፤ የቨርጂልም እጅ በደም ራሰ።

ቨርጂል የሬቨርተን ሰዎች በትከሻቸው ይሸከሙኛል ብሎ ነበር። አንድ ቀን አሞገሱት፤ በማግስቱ ሸሹት። የራሳቸው ወርዋሪዎች ከእሱ ጋር ማሟሟቅ ጠሉ። አንዱ «ምን ታየኛለህ? የኔን ደግሞ ለማን ልታቀብል ነው?» አለው ፊት ለፊት። ቨርጂል ሲገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ሲወጣ ይቀጥላል። ክረምቱ ሳይገባ አሰናበቱት፤ ሊወስደው የሚደፍር ሌላ ቡድንም አጣ።

ሞንታና ውስጥ፣ ባውቶቡስ ከከተማ ከተማ በሚንከራተት ትንሽ ቡድን ውስጥ ገባ። እዚያም ይሰደብ ነበር፤ ግን በየቀኑ ይሰለፋል። አንድ በጋ፣ ትከሻው የተበላሸበት፣ ትልልቆቹ ቡድኖች የተዉት ወርዋሪ ወደዚያው ቡድን ወርዶ መጣ። ክላይድ ሃርገስ ነበር።

ሰላም አልተባባሉም። ቨርጂል ምልክት ያሳያል፤ ሃርገስ የተባለውን ይወረውራል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው እንጂ ተለውጦ አልነበረም። በጉዞ ላይ አንድ ለጥ ባለ ሜዳ ሲያልፉ ሃርገስ ከኋላ ወንበር መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ክርኔን አሁንም አርቃለሁ?»

ቨርጂል በመስኮቱ እያየ «ታርቃለህ» አለ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«አሁን ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። ሂድ ተቀመጥ።»

ሃርገስ ክርኑን አስተካከለ። ግን የክንዱ ጉልበት አልቆ ስለነበር ምን እንደሚወረውር ማወቅ ለማንም አላስፈለገም፤ እንደመጣ ይመቱታል። በጋው ሳይጋመስ ሻንጣውን አንስቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

«ይቅርታ ጠየቀህ?» አለች ኦፓል፣ ቨርጂል ቤት ሲመለስ።

«አልጠየቀም።»

«ቢጠይቅህስ?»

«ይቅር አልለውም ነበር» አለ ቨርጂል፤ ተጣማ የቀረች ጣቱን እያሸ። «አንቺስ?»

«እኔማ ያንን ባለ ሥጋ ቤትም ገና አልተውኩትም።»

ቨርጂል ጉልበቱ አልታጠፍ እስኪለው ተጫውቶ፣ የኦፓል ወንድም እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሥራ ያዘ። አልፎ አልፎ ጋዜጣ ስለ ድሮ ወርዋሪዎች ሲጽፍ የሃርገስ ፎቶ ይወጣል። ኦፓል ያንን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋና ድንቿን ትልጥበታለች።